ልጄ፣ የእናቶችን ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጅማ ዝናቡ ገና አልለቀቀንም። እናትሽ ለአዲስ አበባ መንገደኛ ቡና ሰጥታልሻለች፣ ሲደርስሽ ደውዪላት።

በስልክ የነገርሽኝን ሳስበው ሰነበትኩ። በሰሜኑ ጦርነት ልጆቻቸውን ያጡ እናቶችን ፎቶ ልታነሺ ወደዚያው ልትሄጂ ነው። ደስ ብሎኛል፣ ፈርቻለሁም። የፈራሁት መንገዱን ብቻ አይደለም። በስልክ ስላልጨረስኩት ልጻፍልሽ።

ከ1990 እስከ 1992 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ላይ በነበርንበት ጊዜ፣ መርካቶ ያለው ፎቶ ቤታችን የሰርግና የመታወቂያ ፎቶ ብቻ አልነበረም የሚሠራው። እናቶች ጉርድ ፎቶ ይዘው ይመጡ ነበር፣ ለለቅሶ እንዲተልቅላቸው። አንዳንዷ ጉርድ እንኳ የላትም። ልጇ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ተሰብስቦ የተነሳውን ታመጣና ከመሃል እሱን በጣቷ ታሳየኛለች። ፊቱ የምስር ፍሬ ታክላለች። ሳተልቀው ይደበዝዛል። «ግድ የለም፣ እኔ አውቀዋለሁ» ትላለች። አንዲት እናት ደግሞ የልጇ ኮሌታ በአንድ ጎን መታጠፉን አይታ «እባክህ አስተካክልለት» አለችኝ። በቀጭን ብሩሽ ቀስ እያልኩ አስተካከልኩለት። ቆማ ታየኝ ነበር። ሞቶም እያለበሰችው ነበር።

ይህን የምነግርሽ፣ እናቶቻችን ካንቺ ካሜራ በፊትም ከፎቶ ጋር የራሳቸው ጉዳይ እንዳላቸው እንድታውቂ ነው። የልጇን ፎቶ ከፍ አድርጋ ይዛ ሙሾ የምታወርድ እናት ያላየ ማን አለ? በአርጀንቲናም ልጆቻቸው የተሰወሩባቸው እናቶች እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ነጭ ሻሽ አስረው፣ የልጆቻቸውን ፎቶ ይዘው፣ ቦነስ አይረስ ያለውን የማዮ አደባባይ ሲዞሩ ኖረዋል። እንግዲህ ፎቶውን ራሷ ካወጣችው ከነፎቶው አንሺያት። ለፎቶ እንዲያምርልሽ ብለሽ ግን «እስቲ ያዢው» አትበያት።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልምጣ። እ.ኤ.አ. መስከረም 1997 በአልጄሪያ፣ ቤንታልሃ በሚባል ቦታ ብዙ ሰው በአንድ ሌሊት ታረደ። ሆሲን ዛውራር የሚባል ፎቶግራፈር ሆስፒታል ደጅ ላይ በሐዘን የምትዝለፈለፍ ሴት አነሳ። ፎቶው በብዙ የዓለም ጋዜጦች ወጣ፣ ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የሚባለውን የዓለም አቀፍ የጋዜጠኝነት ፎቶ ውድድር ትልቁን ሽልማትም አገኘ። ከሥሩ የተጻፈው ስምንት ልጆቿን አጣች የሚል ነበር። እውነቱ ሌላ ሆነ። የምታለቅሰው ለወንድሟ ነበር። ዓለም ደግሞ «ማዶና» ብሎ፣ ክርስቲያኖች ማርያምን በሚጠሩበት ስም ጠራት፣ ሙስሊም ሆና ሳለ። ኋላ ክስ እስከ መመስረት ደረሰች። ፎቶው ግሩም ነው፣ አልክድም። ነገር ግን ሰው በሐዘኑ ላይ የማያውቀው ታሪክ ሲጫንበት ሁለተኛ በደል ነው። ስለዚህ ልጄ፣ ስሟንና የልጇን ስም ራሷ እንደምትጠራው ጻፊ፣ ከፈቀደች። የተናገረችውን ቃል በቃል ጻፊ፣ አታሳምሪው። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አብረን አይተነዋል። የሟቾቹ ፎቶ ግድግዳውን ሞልቶታል። እኔን ግን ከሁሉ የያዘኝ እዚያ የተጻፈው የአንዲት እናት ቃል ነው፤ ልጆቿን በአንድ ሌሊት የወለደቻቸው ይመስል በአንድ ሌሊት ፈጇቸው ያለችው።

ፊት ካልታየ ፎቶ አይሆንም ብለሽም አታስቢ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2023 ፎቶግራፈሩ መሐመድ ሳሌም በጋዛ፣ ኻን ዩኒስ ሆስፒታል ውስጥ ያነሳው ፎቶ ላይ፣ የአምስት ዓመት ሕፃን አስከሬን ያቀፈችው ሴት አክስቷ ናት። ፊቷ አይታይም። የሕፃኗም በከፈን ተሸፍኗል። እጆቿ ብቻ ይበቃሉ። አልታይም ያለችሽን እናት እንዲህም ማንሳት ይቻላል።

የሙያውን ነገር በአጭሩ ልበልሽ። ፍላሽ አታብሪ። ሃምሳ ወይም ሰማንያ አምስት ሚሊሜትሩን ሌንስ ያዢ፣ ሰፊው ሌንስ ቀርበሽ ስታነሺበት አፍንጫና ግንባር ያገንናል። ድንኳን ውስጥ የሸራው ቀለም ፊት ላይ ይፈሳል፤ ሸራው ቢጫ ከሆነ እናትየዋ በሽተኛ ትመስላለች። ከቻልሽ ከበር አጠገብ ትቀመጥ፣ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከሆነ እንደለበሰችው ይሁን፣ እጅሽ አይንካው።

ከሁሉ በፊት ግን ለቅሶ የምትደርሺ ሰው ነሽ። ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። «እግዜር ያጥናሽ» በያትና ተቀመጪ። ዝም ካለች ዝም በዪ። የሰሜኑ ጦርነት ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ነበር፣ በትግራይ ግን ብዙ እናቶች መርዶ የተነገራቸው በጥቅምት 2016 ነው። ይመጣል ብላ ስትጠብቅ የኖረች እናት ሐዘኗ ለሷ የትናንት ነው። ልጇ በየትኛው ወገን እንደተሰለፈ ራሷ ካልነገረችሽ አትጠይቂያት። በትግራይም፣ በአማራም፣ በአፋርም የምታገኚያት እናት ናት። በማግሥቱም ተመልሰሽ ሂጂ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉም ያለቅሳል፤ በማግሥቱ ስለ ልጇ ታወራሻለች፣ ምን ይወድ እንደነበር፣ ምን እንደሚያስቀው። ሳቅ ካለች ያንንም አንሺ። ፎቶ አንሺዎች እናትን የምታለቅስ ብቻ ያደርጓታል፣ ይሄ ያናድደኛል።

ደግሞ ወደ ሰሜን ከመሄድሽ በፊት ጅማ ነዪ። ወታደር ከዚህም ሄዷል። ከሰፈራችን ሳንወጣ ሁለት እናቶች አውቃለሁ። አንደኛዋ ሙስሊም ናት፣ ስንገባ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» እንላታለን። ቀድሜ ሄጄ እጠይቃቸዋለሁ። እምቢ ካሉ ቡናቸውን ጠጥተን እንመለሳለን፣ ምንም ቅር አይበልሽ።

እዚህም እዚያም ለምታነሺያት እናት ሁሉ አንድ አንድ ፎቶ ታትሞ ይድረሳት። በስልክ መላክ ብቻ አይበቃም፤ ግድግዳዋ ላይ የምትሰቅለው ትፈልጋለች። ወረቀቱንም ፍሬሙንም እኔ እችላለሁ። የምትመጪበትን ቀን ቁርጡን ንገሪኝ፣ ለእናቶቹ ቀድሜ ልንገራቸው።

አባትሽ
ጅማ