ብርቄ፣ ከእቴቴ ጋር ነይ

ብርቄዬ፣

ስሜን ስታዪ ምን እንዳልሽ ከዚህ ሆኜ ይሰማኛል። «አለች እንዴ?» አለሁ። ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። ልጅሽን እንኳ ያየሁት ሰው በላከልኝ ፎቶ ነው። ሰበብ አልደረድርልሽም፤ ይቅርታ። የቀረውን ስትመጪ ፊት ለፊት ትሰድቢኛለሽ።

«ስትመጪ» ያልኩት አምልጦኝ አይደለም። ወደሱ እየሄድኩ ነው፣ ታገሺኝ።

እቴቴ ልትመጣ ነው። እዚህ፣ ባንኮክ። ጉልበቷ በቃ እምቢ ብሏል። ወንድሜ እንደሚለው አሁን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ደረጃውን ስለማትችለው ከቅጥሩ ተሳልማ ነው የምትመለሰው። ለእኔ ግን በስልክ «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ብርዱ ነው» ትለኛለች። ለኅዳር መጨረሻ ቀጠሮ አስይዤላታለሁ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ከሀገር ቤት ለሕክምና የመጣውን ሰው እቀበላለሁ፣ ሐኪም ዘንድ አብሬ ገብቼ አስተረጉማለሁ፣ የመድኃኒቱን አወሳሰድ አስረዳለሁ። የስንቱን እናት በተሽከርካሪ ወንበር ገፍቻለሁ መሰለሽ። የእኔዋ ናት ሲባል ግን እንቅልፍ አጣሁ። ሐኪሙ «ሕመሙን ከ1 እስከ 10 ስንት ትሰጪዋለሽ?» ብሎ ሲጠይቃት «ተመስገን ነው» ብላ ስትመልስለት ይታየኛል። እሷ እውነቱን የምትናገረው ለአንቺ ነው። የጥርሷን ጊዜ አስታውሺ።

ስለዚህ... እንዴት ብዬ ልበልሽ። አብረሻት ነይ።

ትኬትሽን እኔ እችላለሁ። ይህችን መስመር ጽፌ አጥፍቼ መልሼ ነው የጻፍኳት። ኩራትሽን ስለማውቅ ነው። ካልሆነልሽ ግማሽ በግማሽ እናድርገው፤ ወይ ለሱቅሽ ዕቃ ወስደሽ ስትሸጪ ትመልሺልኛለሽ። ልጁን እናትሽ ትይዘዋለች። ባልሽም ጥቂት ሳምንት ወጡን ራሱ ቢሠራ አይሞትም። የቪዛውን ወረቀት እኔ ከዚህ አግዝሻለሁ።

አየሽ፣ እኔ ፈቃድ ያገኘሁት ለቀጠሮዋ ቀናት ብቻ ነው። ሌላውን ቀን ከሌላ ታካሚ ጋር ነኝ። ስለዚህ ከተማዋን አንቺ ልታውቂያት ይገባል። ያለ ዝርዝር ከቤት እንደማትወጪ ስለማውቅ ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ቢጫ ካርድ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ይጠየቃል። ኢሚግሬሽን ጋ ከመሰለፋችሁ በፊት የጤና ቁጥጥር የሚል ጠረጴዛ አለ፤ እዚያ ታሳያላችሁ። ክትባቱ ከበረራው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት። ደግሞ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ የመግቢያ ቅጽ በኢንተርኔት ይሞላል። ነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ከገጠመሽ ዝጊው። አየር መንገዱን ተሽከርካሪ ወንበር አስቀድመሽ ጠይቂላት፤ «አልፈልግም» ብትልም ጠይቂ። ሽሮና በርበሬ አምጡ። ቋንጣ ግን ተዉት፤ የሥጋ ነገር ያለ ፈቃድ አይገባም። ኤርፖርት እኔው እቀበላችኋለሁ። ባልደርስ ግን ምድር ቤት ያለው የታክሲ ማሽን ወረፋ ቁጥር ይሰጥሻል። ሜትሩ ከ35 ባህት ይጀምራል፣ የኤርፖርት 50 ባህት ይጨመርበታል፣ የፈጣን መንገዱን ክፍያም ተሳፋሪው ነው የሚከፍለው። ይህን ሲጠይቅሽ እንዳትጣዪው፣ ትክክል ነው።

ቤቴ ኦን ኑት ነው፣ ሱኩምዊት ሶይ 77። ይህን ሶይ የሚባል ነገር አሁኑኑ ተረጂልኝ። ሱኩምዊት ዋናው መንገድ ነው፤ ከከተማው ወጥቶ ወደ ካምቦዲያ ድንበር ድረስ ይሄዳል። ከግራና ከቀኙ የሚገቡት ቅያሶች ሶይ ይባላሉ። ጎዶሎ ቁጥሮቹ በአንድ ወገን፣ ሙሉዎቹ በሌላው ናቸው። እስከዚህ ደህና። ጣጣው የሁለቱ ወገን ቁጥር እኩል አለመሄዱ ነው። ከሶይ 63 ማዶ ያለው ሶይ 62 ወይም 64 እንዳይመስልሽ፤ 42 ነው! አዲስ አበባ ላይ «ከእንትን ፊት ለፊት» ብለን የምንገባባትን ልማድ እዚህ እርሺው። ቁጥሩን ያዢ፣ ወገኑንም ያዢ።

ከእኔ ቤት ወደ ሐኪም ቤቱ በሰማይ ባቡሩ ከኦን ኑት እስከ ናና ስድስት ፌርማታ ነው። ሊፍት ፈልጊላት፤ በሁሉም መውጫ በኩል ስለሌለ የጣቢያ ሠራተኛ ጠይቂ። ማታ ግን አሶክ አካባቢ መኪናው ስለሚቆም ታክሲ አትሞክሪ። ዝናብ ከመጣ ደግሞ ባዶ ታክሲ ሁሉ ይሰወራል። ኅዳር ስለሆነ ዝናቡ ይቀንስላችኋል፤ ከተማው ትንሽ የሚተነፍስበት ወቅት ነው። «ሜትር አልከፍትም» የሚልሽ ሹፌር ሲገጥምሽ ፈገግ ብለሽ በሩን ዝጊና ሌላ ጥሪ። እዚህ የጮኸ ሰው ተሸናፊ ነው፤ የአንቺን ድምፅ ስለማውቅ ነው የምነግርሽ። በሶዩ አፍ ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው የሚቆሙት የሞተር ታክሲዎች ናቸው። ለአንቺ ይሆናሉ። ለእቴቴ እንዳታስቢው።

መኪና በግራ ነው የሚነዳው። መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን አትርሺ። በድልድይ መሻገር ይሻላል እንዳልልሽ ጉልበቷ አለ፤ መብራት ያለበት ቦታ ድረስ ተጓዙ።

አሁን ወደ ትልቁ ጣጣ። ስትመጡ ጾመ ነቢያት ገብቷል። እዚህ አገር ደግሞ የዓሣ መረቅ የማይገባበት ምግብ የለም፤ ጎመኑ ውስጥ አለ፣ የፓፓያው ሰላጣ ውስጥ አለ። እቴቴ ከምን ወገን እንደሆነች ታውቂያለሽ፤ ዓሣም አትበላም፣ የሚበላውንም ታያለች። መድኃኒቱ ይኸውልሽ፦ ቢጫ ጨርቅ ላይ በቀይ የተጻፈ ባንዲራ የሰቀለ ምግብ ቤት ካየሽ ግቢ። «ጄ» ይሉታል። ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ወተት የለ፣ የዓሣ መረቅ የለ። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም፤ ከእኛ ብሰው ተገኙ። ሌላ ቦታ ስትገቢ «ማይ ሳይ ናም ፕላ» በይ፤ የዓሣ መረቅ አታድርጉ ማለት ነው። ማንጎ ከኮኮናት ወተትና ከሚጣበቀው ሩዝ ጋር የጾም ነው፤ እሱን ካስለመድሻት ጨርሰሻል። እንጀራ ካማራት ናና አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ።

አንቺ ደግሞ «ሚጥሚጣ ጠጥቼ ነው ያደግሁት» ብለሽ እንዳትዘባነኚ። «ማይ ፔት» በይ፣ አታቃጥሉብኝ። አንድ ጊዜ አንቺን የመሰለች ጉረኛ ይዤ ገብቼ በእንባ ነው የወጣነው።

ሰዓታቸው ደስ ይለኛል። ከምሽቱ ያለው አቆጣጠር የእኛው ነው፤ ማታ አንድ፣ ማታ ሁለት፣ ማታ ሦስት እያሉ ይቆጥራሉ። እቴቴ ይህን ስትሰማ «እነዚህስ ሰዎች ናቸው» ትላለች። ዓመቱ ግን ከፈረንጁ በ543 ይቀድማል። የምግብ ማሸጊያ ላይ ሃያ አምስት መቶ ምናምን ብታዪ ለልጅ ልጆችሽ የተቀመጠ እንዳይመስልሽ።

ቤተ መቅደስ አትገባልሽም፤ አትከራከሪያት። አንቺ ብቻሽን ስትሄጂ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሺ፣ ጫማሽን እንደ ቤታችን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አውልቂ፣ እግርሽን ወደ ምስሉ አትዘርጊ። ዋት ፖ ያለው የተጋደመው ቡድሃ 46 ሜትር ነው፤ ሄደሽ እዪው። ቤተ መንግሥቱ በር ላይ «ዛሬ ዝግ ነው፣ እኔ ሌላ ቦታ ልውሰድሽ» የሚል ለስላሳ ሰው ይገጥምሻል። ዝግ አይደለም። በባጃጅ ጭኖ ድንጋይ ሻጭ ቤት ነው የሚያደርስሽ። ስለ ንጉሡ ቤተሰብ ቀልድም ወሬም የለም፣ ሕጉ እስር ቤት ያስገባል። ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ላይ ብሔራዊ መዝሙር ሲሰማ መናፈሻ ውስጥ የሚሮጠው ሁሉ ቀጥ ይላል፤ አንቺም ቁሚ።

በየሕንፃው ደጃፍ ትንንሽ ቤት በምሰሶ ላይ ታያላችሁ፣ ፊቱ ቀይ ፋንታ ተቀምጦ፣ ስትሮው ሁሉ ተሰክቶበት። ለቦታው መንፈስ ነው። እቴቴ «ለቆሌ!» ብላ ታማትባለች፤ ሳቅሽን ያዢ።

እሷን ቤንጃኪቲ መናፈሻ ውሰጂልኝ። የትምባሆ ፋብሪካ የነበረ መሬት ነው፤ ጫካ የመሰለው ክፍል በ2022 በፈረንጅ ነው የተከፈተው። ከውኃው በላይ ረጅም ድልድይ አለው፣ ተሽከርካሪ ወንበር ይሄድበታል። ሉምፒኒ አትውሰጂያት። እዚያ ሰው የሚያህል እንሽላሊት ሣር ላይ ይጋደማል፤ ለሰው ክፉ አይደለም፣ ግን ይህን ለእሷ ማን ያስረዳታል? ወንዙንም አሳዪያት፤ በሰማይ ባቡር ሳፓን ታክሲን ወርዳችሁ ከሥሩ ጀልባ አለ። የቱሪስቱ ጀልባ ይሻላታል፤ የብርቱካናማ ባንዲራው ይቸኩላል፣ ዘሎ መግባት ይጠይቃል።

ለአንቺ ያሰብኩትን ደግሞ ስሚ። ፕራቱናም። ለዚህ ነው ሱቅሽን ያነሣሁት። የሀገር ቤት ነጋዴ ሁሉ ልብስ የሚያነሣበት ሰፈር ነው። ፕላቲነም የሚባለው ሕንፃ ውስጥ ብዙዎቹ ሱቆች ሦስት ስትወስጂ የጅምላ ዋጋ ይሰጡሻል፤ አየሩም ቀዝቃዛ ነው። ለጌጣጌጥ ሳምፔንግ ሂጂ። ቅዳሜና እሑድ ቻቱቻክ የሚባል ገበያ አለ፤ እዚያ ግን ጠዋት ግቢ፣ ከቀትር በኋላ ሰውም ሙቀቱም ይገድልሻል። ፕራቱናም በቦይ ጀልባው ሂጂ። ቆሞ አይጠብቅሽም፣ ገመዱን ይዘሽ ዝለይ፤ ውኃ ሲረጭ ከጎንሽ ያለውን የሸራ መጋረጃ ትስቢያለሽ። ውኃው ይሸታል። እኔ ግን ከከተማው ሁሉ እሱን ነው የምወደው። መኪናው ቆሞ አንቺ ስትበሪ ደስ ይላል።

ማታ እኔ ስመለስና እሷ ስትተኛ ያዎራት እንሄዳለን፣ የቻይኖቹ ሰፈር። ሰኞ ብዙዎቹ የመንገድ ሻጮች ያርፋሉ፤ ሌላ ቀን ይሁን። ወሬያችንን እዚያ እናወራለን፤ የቆየውን ሁሉ።

ብርቄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ከዚያ አልደግመውም። ሳስተረጉም ለማንም ቃል አልቀንስም። ሐኪሙ «ቀዶ ጥገና ነው» ካለ «ቀዶ ጥገና ነው» እላለሁ፤ «ላይድን ይችላል» ካለም እንዳለው እላለሁ። ሰው ሲያለቅስ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ እቀጥላለሁ። ለእሷ ግን እንደማለሳልስባት ራሴን አውቀዋለሁ። «ትንሽ ነገር ነው እቴቴ» እላታለሁ። እሷም ዓይኔን አይታ ታውቃለች፣ ሁለታችንም እየተዋሸን እንቀመጣለን። ስለዚህ የሥራ ባልደረባዬ እንዲያስተረጉምላት ለምኜዋለሁ። እኔ ልጇ ብቻ ሆኜ ነው የምገባው። አንቺ በሌላኛው ጎኗ ሁኚልኝ። ስትዋሽ ትቆነጥጫታለሽ፤ እኔ ብቆነጥጣት ትቆጣኛለች።

የትኬቱን ዋጋ እያየሁ ነው፤ በየቀኑ ይጨምራል። በዚህ ሳምንት መልስ ስጪኝ። «አልችልም» ከሆነም ጻፊልኝ፣ አልቀየምሽም። ትንሽ እቀየማለሁ። ስልኬ ተቀይሯል፤ አዲሱን ወንድሜ ይሰጥሻል።

ለእቴቴ ደግሞ እኔ እንደጠየቅሁሽ እንዳትነግሪያት። ቡና ጠርተሻት «ለሱቄ ዕቃ ላመጣ ባንኮክ ልሄድ ነው፣ ብቻዬን ፈራሁ» በያት። «እኔ አለሁ አይደል፣ አብረን እንሄዳለን» ማለቷ አይቀርም።

ያንቺው፣
ሰናይት