ደህንነት ማለት ፖሊስ ብቻ ነው እንዴ?

ሰላም አዘጋጆች፣ በጀት በፀደቀ ቁጥር የህዝብ ደህንነት ሲባል የሚወራው ስለ ፖሊስና መከላከያ ብቻ መሆኑ ይገርመኛል። ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን አስታውሱ፣ በናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሄዱት ላይ ሌላ ናዳ መጣባቸውና ከ200 በላይ ሰው አለቀ፣ ፍለጋው ደግሞ በአካፋና በባዶ እጅ ነበር (ቲቪ ላይ ሁላችንም አይተነዋል)። እርዳታው በኋላ መጣ፣ እሺ ጥሩ። ግን ቀድሞ ተዳፋቱን የሚያጠና ጂኦሎጂስት፣ ከመጀመሪያው ናዳ በኋላ "አትጠጉ፣ ደግሞ ሊናድ ይችላል" የሚል አንድ የሰለጠነ ሰው ወረዳ ላይ ማስቀመጥ ስንት ብር ይፈጃል? የአደጋ ስጋት ኮሚሽን በጀት ላይ እህል ከማከፋፈል ሌላ ለዚህም በግልፅ ይመደብ፣ ፓርላማውም እጅ ከማውጣቱ በፊት ይሄ መስመር የታለ ብሎ ይጠይቅ እንጂ።