ሱቅ ማሸግ ዋጋ አያወርድም

ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በዋጋ ሰበብ ሱቅ ማሸግ እንዲቆም ስለመጠየቅ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ያለአግባብ ዋጋ ጨምረዋል የተባሉ ነጋዴዎች ሱቅ ሲታሸግ አይተናል። መንግሥት የዶላሩን ዋጋ ለገበያ ትቶ፣ በዶላር ተገዝቶ የሚገባው ዘይት ግን በትናንቱ ዋጋ እንዲሸጥ ማዘዙ እርስ በርሱ የሚጣረስ ነው።

ባለሱቁ ባለ አምስት ሊትሩን ዘይት በ1,000 ብር ገዝቶ በ1,050 ሸጠ እንበል። አከፋፋዩ ዘንድ ሲመለስ ያው ዘይት 1,300 ብር ገብቶ ካገኘው፣ የሸጠውን ለመተካት 250 ብር ከኪሱ ይጨምራል። ስለዚህ ዋጋውን የሚተምነው ነገ በሚተካበት እንጂ ትናንት በገዛበት አይደለም። ተቆጣጣሪው ግን የድሮውን ደረሰኝ አይቶ በሩ ላይ «ታሽጓል» የሚል ወረቀት ይለጥፋል፤ ከዚያ ወዲያ የቤት ኪራዩ ይቆጥራል፣ የሰፈሩም ሰው ዘይት ፍለጋ ሌላ ሰፈር ይሄዳል።

ይህን መንገድ ከዚህ በፊት ሞክረነዋል። በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. መጨረሻ በዳቦ፣ በስኳር፣ በዘይት፣ በሥጋና በሌሎች ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ወጣ፤ ሸቀጡ ከመደርደሪያ እየጠፋ ወረፋው ረዘመ፣ ዓመቱም ሳያልቅ ጣሪያው ከአብዛኞቹ ላይ ተነሣ። የዋጋ ንረቱ ግን በነሐሴ 40 በመቶ ደርሶ ነበር። ነጋዴው በዚያ ዓመት ድንገት ስግብግብ አልሆነም፤ በ2002 መጨረሻ ብር እንዲዳከም ተደርጓል፣ መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ በሚበደረው ገንዘብ ገበያው ውስጥ ያለው ብር በዝቷል፣ የእህል ዋጋም በዓለም ገበያ ንሯል። ከእነዚህ አንዱንም ያመጣው ባለሱቁ አይደለም።

ነጋዴዎች ተመሳጥረው ዋጋ መወሰናቸውን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክላል፤ ማስረጃ ቀርቦ ይጠየቁ፣ ይህን እደግፋለሁ። የምቃወመው የወረዳ ባለሙያ በራሱ ግምት «በዝቷል» ብሎ የሰው እንጀራ መዝጋት መቻሉን ነው፤ እንዲህ ያለ ልክ የሌለው ሥልጣን ለጉቦም በር ይከፍታል።

ስለሆነም ሚኒስቴሩ፣ ማስረጃ ቀርቦ ውሳኔ ሳይሰጥበት በዋጋ ምክንያት ሱቅ እንዳይታሸግ በግልጽ መመሪያ እንዲያግድ፣ እስካሁን የታሸጉትንም ብዛትና ምክንያት ለሕዝብ እንዲያሳውቅ፣ ጤፍና አትክልት ከክልል ክልል ሲጓጓዝ በየኬላው የሚከፈለውን ሕገወጥ ክፍያ እንዲያስቀር እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ሸማች