ከአፌ ነጥቄ አይደለም፣ እማ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣ ለአባባ እና ለእታለም፤ ደሴ፣ ሆጤ።

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ከርማችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

እማ፣ ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። «ከእንግዲህ ብር እንዳትልኪ፣ አንቺው ብዪበት» አልሽኝ። ይባስ ብለሽ «ልጄ ተርባ የላከችውን ብር አልነካም» ብለሽ የአባባን የዓይን ሞራ ቀጠሮ ማራዘምሽን ከእታለም ሰማሁ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቅርብ ሆኖ ሳለ አባባ በኔ ሰበብ ብርሃን አጥተው መቀመጥ የለባቸውም። በስልክ ላስረዳሽ ስል ታለቅሻለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። እታለም ቀስ ብላ ታንብብልሽ። አፕ ሲባል ምን እንደሆነ እሷ ታውቃለች፤ መብራቱን በቴሌብር የምትከፍለው እሷ ናት።

ከዚህ ከአሜሪካ የመጣ ሰው የእንቁላል ዋጋ ነግሮሽ በብር አባዝተሽ ደንግጠሻል። አልፈርድብሽም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የዶላር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ከ100 በላይ ሆኗል። የዚህ አገር ነገር ሁሉ በብር ሲባዛ ያስፈራል። እኔ ግን የማገኘውም የምበላውም በዶላር ነው። ደሞም ሰው ሁሉ በሚገዛበት ዋጋ አልገዛም።

እዚህ ከሌላ ቦታ የተረፈ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አሉ። የተረፈ ስልሽ የተበላሸ እንዳይመስልሽ። እኔ የምሠራው መጋዘን ስለሆነ በዓይኔ አየዋለሁ። ፋብሪካው ከታዘዘው በላይ ያመርታል። የሻምፖው ጠርሙስ መልኩ ይቀየርና አሮጌው መልክ መደበኛ ሱቅ ውስጥ ቦታ ያጣል። አንድ ትልቅ ሱቅ ያዘዘውን ይሰርዛል፣ ወይም ይከስራል። ዕቃው ግን አዲስ ነው፣ አልተነካም። እንዲህ ያለውን በጅምላ አንስተው በርካሽ ከሚሸጡት አንዱ ኦሊዝ ይባላል። በ1982 እ.ኤ.አ. ፔንሲልቬንያ ውስጥ የተጀመረ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ኮሎምበስ የነበረው ቢግ ሎትስ በ2024 እ.ኤ.አ. ኪሳራ ሲያውጅ፣ ከተዘጉት ሱቆቹ የተወሰኑትን ቦታዎች ይኸው ኦሊዝ ይዟቸዋል።

የኦሊዝ አባልነት ካርድ ስልኬ ላይ ነው። ካሸሯ ባርኮዱን ስታነበው ነጥብ ይጠራቀማል፤ ነጥቡ ሲሞላ ቅናሽ ይሆናል። በፈረንጆች ዲሴምበር ደግሞ ለአባላት ብቻ የሚከፈት ምሽት አለ። የዚያን ምሽት ከጠቅላላ ሒሳቡ ላይ 15 በመቶ ይነሳል። ትልልቁን ዕቃ ለዚያ አቆየዋለሁ። አባባ፣ ያ የወደዱት ብርድ ልብስ የዚያ ምሽት ነው። ለደሴ ብርድ ይሆንዎታል ብዬ ነበር፤ እንኳን ወደዱት።

ለየዕለቱ ነገር የምሄደው ዶላር ጄነራል የሚባል ርካሽ ሱቅ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። እዚህ ላይ እታለም ልብ በይ፣ ነገ አንቺም ብትመጪ ይጠቅምሻል። የሱቁ አፕ ላይ በየቅዳሜው አንድ የቅናሽ ኩፖን ይወጣል። 25 ዶላር ለገዛ 5 ዶላር ይቀንሳል። ከመክፈልሽ በፊት ኩፖኑን ነክተሽ መያዝ አለብሽ፤ ሳትነኪው ከሄድሽ አይሠራም። 25ቱ የሚቆጠረው ደግሞ ከታክስ በፊት ነው። 25 ላይ ከቆምሽ ከአምስት አንድ እጅ ቀረልሽ ማለት ነው። 40 ዶላር ብትገዢም የሚቀነስልሽ ያው 5 ነው። ስለዚህ ሳሙናውን፣ ሶፍቱን፣ ዘይቱን አስቀድሜ ቤት እጽፋለሁ። ሱቅ ውስጥ የየአንዳንዱን ባርኮድ በስልኬ እያነበብኩ አፑ ራሱ ይደምርልኛል። 25ን እንዳለፍኩ እወጣለሁ።

ባርኮዱን ማንበቡ ሌላም ጥቅም አለው። መደርደሪያው ላይ የተለጠፈው አንድ ዋጋ፣ ካሸሯ ጋ የሚወጣው ሌላ ዋጋ የሚሆንበት ሱቅ ገጥሞኛል። አሁን ደረሰኙን እዚያው ቆሜ ነው የማየው። አላፍርም፣ የላቤ ነው።

ርካሽ ሱቅ ውስጥ ያለ ሁሉ ግን ርካሽ አይደለም። ትንሿ እሽግ በዋጋ ታንሳለች፣ በክብደት ሲሰላ ግን ብዙ ጊዜ ትበልጣለች። መለያው ላይ በትንሹ የተጻፈ የየአውንሱ ዋጋ አለ (አውንስ የዚህ አገር የክብደት መለኪያ ነው)፤ እሱን ነው የማወዳድረው። አንቺ ሰኞ ገበያ ላይ የሽንኩርቱን ክምር በዓይንሽ መዝነሽ፣ ሻጩ መኪና እንዳያመልጠው ሲቸኩል ጠብቀሽ ትገዢ እንደነበረው ነው እማ። ይህንን ከአንቺ ነው የያዝኩት።

ስለምበላውም ልንገርሽ፣ ዋናው ጭንቀትሽ እሱ ነውና። ፍላሽፉድ የሚባል አፕ አለ። ማየር የሚባለው ትልቅ ሱቅ ቀኑ ሊደርስ የቀረበውን ምግብ እዚያ ላይ እስከ ግማሽ ዋጋ ድረስ ቀንሶ ያወጣዋል። በስልኬ እከፍላለሁ፤ ከሥራ ስመለስ ሱቁ ውስጥ ለዚሁ ከተቀመጠው ፍሪጅ ወስጄ እወጣለሁ። አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ እርጎ፣ ወተት፣ ሁሉም ይገኛል። ቀኑ ሊያልፍ ነው ሲባል እንዳትሰጊ። በዚህ አገር ፌዴራል ሕግ ቀን የግድ እንዲጻፍበት የሚታዘዘው የሕፃናት ዱቄት ወተት ብቻ ነው። የሌላው አብዛኛው ቀን፣ ጥራቱ እስከዚህ ድረስ ነው ብሎ አምራቹ የሚገምተው ነው። እኔ ደሞ አሽትቼ፣ አይቼ ነው የምበላው። ቲማቲሙ ሲበዛ ድልህ እሠራበታለሁ፣ ቃሪያውን ፍሪዘር ውስጥ አስገባዋለሁ።

ሐላሉንም እጠብቃለሁ፣ አብሽሪ። ሥጋ ከአፕ አልገዛም፤ ከሐላል ሥጋ ቤት ነው። ቱ ጉድ ቱ ጎ የሚባል ሌላ አፕ አለ። ምግብ ቤቶች የተረፋቸውን በከረጢት አድርገው በትንሽ ዋጋ ይሸጡበታል። ጓደኞቼ ይወዱታል። ግን ከረጢቱ ውስጥ ምን እንዳለ ከመክፈትሽ በፊት አይታወቅም። የአሳማ ነገር ቢኖርበትስ? ስለዚህ አልነካውም። ጣፋጭ ነገር ላይም ጄላቲን፣ ከአሳማም ሊሠራ የሚችለው ማርጊያ፣ የሚል ጽሑፍ አለ ወይ ብዬ ሳላነብ ጋሪ ውስጥ አላስገባም።

እነዚህ አፖች የተሠሩት ለኔ ታዝኖ አይደለም፣ ይህንን አውቃለሁ። ብዙ እንድገዛ ነው። ቀኑን ሙሉ «ቅናሽ፣ ዛሬ ብቻ» እያሉ ይጎተጉታሉ። ምን እንደምገዛም ይመዘግባሉ። እኔ ማሳወቂያውን ሁሉ ዘግቼዋለሁ፣ ያለሁበትን ቦታ እንዲያዩም አልፈቅድም። የምከፍታቸው የምፈልገውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው። የማልፈልገውን በግማሽ ዋጋ አልገዛም። የኔ ቁጠባ ከምንም በላይ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ሆኖ የሚተርፈው ነው ወደ እናንተ የሚመጣው። ቁርሴን በልቼ፣ ምሳዬን ቋጥሬ ነው ሥራ የምሄደው። እንጀራ ቤቴ እጋግራለሁ። ምስሩን ከህንዶች ሱቅ በጅምላ እገዛዋለሁ፣ ከሐበሻ ሱቅ ይረክሳል። ክብደቴ እንኳን ሊቀንስ ጨምሯል፤ ፎቶ ለእታለም ልኬያለሁ፣ ታሳይሽ።

ስለዚህ እማ፣ እባክሽ የላክሁትን ብር ከተቀመጠበት አውጪው። በዚህ ሳምንት ቦሩ ሜዳ ሂዱና ቀጠሮውን አስይዙ። እታለም ቀኑን ጻፊልኝ፣ የዚያን ቀን ፈቃድ ወስጄ ስልክ ላይ እሆናለሁ። አባባ፣ እርስዎም እማን አይስሙ፣ ይሂዱ። ለኮንትራት መኪና አትሳሱ፤ አባባ በሚኒባስ ተጋፍተው አይመለሱ።

ከረመዳን በፊት ወደ ኮምቦልቻ የሚመጣ የጓደኛዬ ዘመድ አለ። ሻንጣው ውስጥ ትንሽ ቦታ ሰጥቶኛል። የአጎቴን ልጆች የጫማ ቁጥር ላኪልኝ፤ በሴንቲሜትር ለክተሽ ቢሆን ይሻላል፣ የዚህ አገር ቁጥር ይለያል። ለአንቺ የእግር ክሬም ይዤልሻለሁ።

አጎቴን፣ የጎረቤቶቻችንን እናቶች፣ የመስጊዱን ሰዎች ሁሉ ሰላም በሉልኝ። ዱዓ አድርጉልኝ።

ልጅሽ፣
ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ