ቲን አለን፣ የጠፋው ደረሰኙ ነው

ለአዘጋጁ፣

በኦንላይን ማስታወቂያ ስለሚሠሩ ሰዎች ግብር ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። አንዷ መስመር ግን በጣም አናደደችኝ። «ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉት ግብር ነክቷቸው አያውቅም» ትላለች። ማንን ጠይቃችሁ ነው? ሐዋሳ ላይ ከፒያሳ እስከ አሞራ ገደል ስልክ ይዘን የምንሯሯጥ ስንት ልጆች አለን፤ አንዳችንን እንኳ ያናገረ የለም።

እኔ በቲክቶክና በቴሌግራም የሆቴል፣ የካፌና የቡቲክ ማስታወቂያ እሠራለሁ። ንግድ ፈቃድም ቲንም (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም) አለኝ። የማይከፍል የለም አልልም፣ አለ። ሁላችንንም በአንድ መስመር ግብር የማናውቅ ማድረግ ግን ነውር ነው።

እስቲ ልንገራችሁ። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል ሙሉ ቀን አስቀረጸኝና ሒሳቤን ሲከፍል ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም ከክፍያ ላይ አስቀድሞ የሚያዝ ግብር፣ ብሎ ቆረጠ። ይቁረጥ፣ ሕግ ነው። የቆረጠበትን ደረሰኝ ስጠይቅ ግን «የፋይናንሷ ልጅ የለችም፣ ነገ ነይ» ሆነ መልሱ። ነገ ስሄድ ሌላ ነገ። ያ ወረቀት ቀልድ አይደለም፤ ዓመታዊ ግብሬን ሳሳውቅ የተቆረጠብኝ ብር የሚቀነስልኝ በእሱ ነው። ወረቀቱ ከሌለ በዚያው ገንዘብ ሁለቴ ልከፍል ነው። ግብር ያልነካኝ እኔ ነኝ?

ቡቲኮች ደግሞ ብር የላቸውም፤ ቀሚስ አንስተው «በዚህ እንተሳሰብ» ይላሉ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ገቢ የሚለው በገንዘብም በዓይነትም የተገኘውን ጥቅም ነው፤ ስለዚህ ቀሚሱም በገበያ ዋጋው ይታሰባል። ይህን ዘገባችሁ ቢያስረዳ ስንቱን በጠቀመ! ብዙ ልጆች ዕቃ ከሆነ ግብር የለውም ብለው ነው የሚቀበሉት። ግብሩ የሚከፈለው ግን በቀሚስ አይደለም፣ በብር ነው። የቤት ኪራዬም እንደዚያው።

ወጪያችንስ? ዳታ፣ መብራት፣ ማይክ፣ ኤዲተር፣ ከመናኸሪያ አቶቴ፣ ከአቶቴ ታቦር በባጃጅ መመላለስ። ወጪ በማስረጃ ነው ይባላል፣ እሺ፤ የትኛው ባጃጅ ነው ደረሰኝ የሚቆርጠው? እናንተ ግን በእጃችን የገባውን ሁሉ ትርፍ አድርጋችሁ ጻፋችሁት።

ያቺን መስመር አርሙልን። ሐዋሳ ስትመጡ ደግሞ እኛን ብቻ ሳይሆን የሚከፍሉንን ድርጅቶችም ጠይቁ፦ ከእኛ የቆረጣችሁትን ለገቢዎች አስገብታችኋል ወይ? አስገብታችሁ ከሆነ ደረሰኙ የት አለ?

አንባቢያችሁ፣ ከሐዋሳ