«እኛ ጋ የለም» ማለት «ተፈታ» ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ በሚኖረው ወገናችን ዘንድ «እገሌ ተፈታ ወይስ አልተፈታም?» ብለው የሚጠይቁት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንዷ ልጇን የምትጠብቅ እናት ናት። ሌላዋ የደበደባትን ሰው ፍርድ ቤት ቀርባ የመሰከረችበት፣ ወጥቶ ደጇ ላይ እንዳይቆም የምትሰጋ ሴት ናት። ሁለቱም መልሱን ከሕዝብ መዝገብ ያለ ክፍያ ማግኘት ይችላሉ። አሜሪካ ውስጥ ግን የታሰረውንና የተፈታውን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያሳይ ዝርዝር የለም። እያንዳንዱ አሳሪ መሥሪያ ቤት የሚያሳየው እሱ የያዘውን ብቻ ነው። አንዱ ዝርዝር «እኛ ጋ የለም» ሲል ፈላጊው «ተፈታ» ብሎ ይረዳዋል፤ ስህተቱም ከዚያ ይጀምራል። እኛ በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት የምንሠራ የጋዜጣው አንባቢዎች ነን። ይህን የምንጽፈው ስህተቱ ሰው ላይ ጉዳት ስለሚያደርስ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የቋንቋችንም ነገር አለበት። ጄልም ፕሪዝንም በአማርኛ እስር ቤት ነው። እዚህ አገር ግን ባለቤታቸው ለየቅል ነው። ጄል የካውንቲ ወይም የከተማ ሲሆን ፍርዱን የሚጠብቅና አጭር ቅጣት ያለበት ሰው ይቆይበታል። ፕሪዝን የስቴት ወይም የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ረዘም ያለ ቅጣት የተፈረደበት ይሄድበታል። ድንበሩም በየቦታው ይለያያል። ቨርጂኒያ ውስጥ በከባድ ወንጀል ከአንድ ዓመት በላይ የተፈረደበት የስቴቱ እስረኛ ይሆናል፤ ሜሪላንድ ውስጥ እስከ 18 ወር ያለ ቅጣት በካውንቲው ሊፈጸም ይችላል። የሞንትጎመሪ ካውንቲን ጄል እስረኛ በሜሪላንድ ስቴት ዝርዝር የሚፈልግ ሰው ስሙን ቢያጣው የሚያስደንቅ አይደለም።

ዲሲ ደግሞ ከሁሉም ትለያለች፤ የራሷ ፕሪዝን የላትም። ቨርጂኒያ ውስጥ የነበረው ሎርተን የተባለው ማረሚያ ቤቷ በ1997 በወጣ ሕግ መሠረት በ2001 ተዘግቷል። ከዚያ ወዲህ በዲሲ ሱፔሪየር ኮርት (በከተማዋ የራሷ ፍርድ ቤት) በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው የፌዴራል እስረኛ ሆኖ ወደ ሌላ ስቴት ይላካል። ዲሲ ጄል የሚቀሩት በአብዛኛው ፍርድ የሚጠብቁና በቀላል ጥፋት የተቀጡ ናቸው። ስለዚህ ልጁ ከዲሲ ጄል ዝርዝር አንድ ቀን ድንገት ቢጠፋ ቤተሰቡ ድግስ ከማሰናዳቱ በፊት የፌዴራሉን ዝርዝር ይመልከት።

የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ቢሮ፣ በአጭሩ ቢኦፒ፣ ከ1982 ጀምሮ የያዛቸውን ሰዎች ስም፣ የተፈቱትን ጭምር፣ በድረ ገጹ ላይ ያስቀምጣል። በስምም በቁጥርም መፈለግ ይቻላል። በስም ከሆነ ዕድሜ የሚለውን ሳጥን ባዶ መተው ይሻላል፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናነሣዋለን። ቁጥሩ ስምንት አኃዝ ነው፤ መጀመሪያ አምስት፣ ቀጥሎ ሰረዝ፣ ቀጥሎ ሦስት። የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች ሰውየው መጀመሪያ የተመዘገበበትን ፍርድ ቤት ይነግሩናል። 007 የዲሲ ሱፔሪየር ኮርት ነው፣ 037 የሜሪላንድ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ 083 የምሥራቅ ቨርጂኒያ። በዲሲ ጄል ያለፈ ሰው ዲሲዲሲ የሚባለው ቁጥሩ ከተገኘ በዚያም መፈለግ ይቻላል።

ውጤቱ ሲመጣ ቃል በቃል መነበብ አለበት። «ሪሊዝድ ኦን» ብሎ ቀን ካስቀመጠ፣ በዚያ ቀን ከቢኦፒ እጅ ወጥቷል ማለት ነው። «ኖት ኢን ቢኦፒ ከስተዲ» ካለ ደግሞ ቢሮው ራሱ እንደሚያስረዳው፣ ሰውየው በሌላ አካል እጅ ሊሆን ይችላል፤ በፓሮል (በአመክሮ) ወይም በክትትል ሥር ሆኖ ውጭ ሊሆንም ይችላል። ቦታው ላይ «አርአርኤም» ከተጻፈ ፕሪዝኑን ለቋል፣ ቅጣቱን ግን አልጨረሰም። ያለው በመሸጋገሪያ ቤት ወይም በቤት ውስጥ እስር ነው። «ባልቲሞር አርአርኤም» የሚለውን አይተው ባልቲሞር ድረስ የሚነዱ ሰዎች አሉ። ያ ጉዳዩን የሚከታተለው ቢሮ ስም ነው፤ ሰውየው እዚያው ዲሲ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ወደፊት የሚፈታበት ቀንም ቢሆን የማይነቃነቅ ቀጠሮ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። በመልካም ጠባይ ከተፈረደው እያንዳንዱ ዓመት እስከ 54 ቀን ይቀነሳል፤ አሥር ዓመት ለተፈረደበት እስከ 540 ቀን ማለት ነው። በዚያ ላይ በታኅሣሥ 2018 የተፈረመው ፈርስት ስቴፕ አክት የሚባለው ሕግ በትምህርትና በሥልጠና ለሚሳተፉ ብዙ እስረኞች ተጨማሪ ቀናት ይሰጣል። ጥፋት ከተገኘ ደግሞ የተቀነሰው ተመልሶ ይደመራል። ቀኑን ቢያንስ በየወሩ ደግሞ ማየት ይገባል።

በተለይ ዜግነት ያላገኙ ወገኖቻችንን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ላይ ኢሚግሬሽን «ዲቴይነር» የሚባል የይዞታ ጥያቄ ካስገባ፣ ከፕሪዝኑ በር በቀጥታ ለአይስ (ለኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪው መሥሪያ ቤት) ሊተላለፍ ይችላል። የቢኦፒው ዝርዝር «ሪሊዝድ» ይላል፤ የቢኦፒ እስረኛነቱ አብቅቷልና ውሸት አይደለም። እናቱ ግን በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። በተፈታበት ቀን ካልደወለና ካልመጣ ቀጥሎ መታየት ያለበት የአይስ የታሳሪዎች መፈለጊያ ነው። እዚያ የሚሠራው አስተማማኙ መንገድ ኤ ናምበር የሚባለው የኢሚግሬሽን መዝገብ ቁጥርና የትውልድ አገር ነው። ኤ ናምበር ዘጠኝ አኃዝ መሆን አለበት፤ በእጃችሁ ያለው ስምንት ከሆነ ከፊቱ ዜሮ ጨምሩ። በስም መፈለግም ይቻላል፤ ነገር ግን ፊደሉ በመዝገቡ ላይ እንዳለው አንድም ሳይዛነፍ ካልተጻፈ ምንም አያወጣም። የትውልድ አገርም ያስቸግራል። አሥመራ ተወልዶ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የመጣ ሰው በአንዱ ወረቀት ኢትዮጵያ፣ በሌላው ኤርትራ ተብሎ ሊገኝ ስለሚችል ሁለቱንም ሞክሩ። ይህ መፈለጊያ ከእስር የወጣን ሰው የሚያሳየው ለ60 ቀን ብቻ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ያሉትን ከነጭራሹ አያሳይም። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ቀጠሮውን ለማወቅ ደግሞ በ1-800-898-7180 ደውሎ ኤ ናምበሩን ማስገባት ይቻላል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተን ስማችን ነው። ፈረንጅ የመጀመሪያ፣ የመካከለኛና የቤተሰብ ስም ይላል፤ የእኛ ሰው የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ይዞ ይመጣል። አንዱ መሥሪያ ቤት ከመንጃ ፈቃድ ላይ ይገለብጥና አያቱን የቤተሰብ ስም ያደርጋል። ሌላው ከፓስፖርት ይወስድና አባቱን ያደርጋል። አንድ ሰው በሁለት ዝርዝር በሁለት ስም የሚገኘው በዚህ ነው። ሰነዱ ላይ አንድ ስም ብቻ ያለው ሰው ደግሞ በመጀመሪያ ስም ቦታ «ኤፍኤንዩ» ይጻፍበታል፤ የመጀመሪያ ስም አይታወቅም ማለት ነው። የራሱ ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይገባል። ጥምር ስሞችም ይከፈላሉ። ገብረ ማርያም የሚባለው ሰው «ገብረ» የመጀመሪያ ስሙ፣ «ማርያም» የመካከለኛው ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንዴ ተያይዞ፣ አንዳንዴ በሰረዝ።

ከዚያ የፊደሉ ጉዳይ ይመጣል። «ጸጋዬ» በቲኤስ ይጀምራል ወይስ በኤስ ብቻ? መጨረሻው ላይ ኢ አለው ወይስ የለውም? «ወልደ» ከደብልዩ ቀጥሎ ኦ ነው ወይስ ኢ? «ኃይሌ» በአይ ነው ወይስ በዋይ? «መሐመድ» ስንት ኤም አለው? ኮምፒውተር ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት የሚሆኑትን አጻጻፎች ሁሉ በወረቀት ዘርዝራችሁ የሞከራችሁትን እየሰረዛችሁ ሂዱ። የክስ ወረቀት ወይም የዋስትና ደረሰኝ ካለ የዚያን አጻጻፍ አስቀድሙ፤ መዝገቡ የተሞላው ከዚያው ነውና። የልደት ቀንም አይታመንም። በፈረንጆቹ ጥር (ጃንዩወሪ) 1 ቀን የተወለዱ የሚመስሉ ስንት ወገኖች አሉን! የኢትዮጵያን ዓመተ ምሕረት እንዳለ የተጻፈበት ሰው ደግሞ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አርጅቶ ይገኛል። ዕድሜውን ባዶ ተዉት ያልነው ለዚህ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ስም ስለገጠመ ብቻ ሰውየው እሱ ነው አይባልም። ዳዊት ተስፋዬ የሚባል ሰው በዚህ አካባቢ አንድ ብቻ አይደለም። የልደት ቀንና የክስ ቁጥር ሳይመሳከሩ በማንም ላይ አፍ መክፈት በደል ነው።

የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ማረሚያ ቤቶች ዝርዝር እንደ ቢኦፒ የተፈታን ሰው ይዞ አይቆይም፤ ሲወጣ ስሙም ይወጣል። የኒውዮርክና የኖርዝ ካሮላይና የቆዩ እስረኞችንም ያሳያሉ። እዚህ ግን ያለፈውን ለማወቅ ወደ ፍርድ ቤቱ መዝገብ መሄድ ግድ ነው። የሜሪላንድ «ኬዝ ሰርች» ነጻ ነው፤ የቨርጂኒያም የዲሲ ሱፔሪየር ኮርትም እንዲሁ። በዲሲ የክስ ቁጥሩ መካከል ያሉት ፊደላት ብዙ ይናገራሉ፦ ሲኤፍ ከባድ ወንጀል፣ ሲኤምዲ ቀላል፣ ዲቪኤም በቤተሰብ ጥቃት የተከፈተ ቀላል ክስ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከባድ ክስ በጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት ይጀምርና ወደ ሰርኪት ኮርት ይተላለፋል፤ የታችኛው ፍርድ ቤት መዝገብ ያለቀ ቢመስልም ላይኛው ዘንድ ገና እየታየ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም ማየት ያሻል። ሜሪላንድም ያው ነው። እዚያ «ኖሌ ፕሮሴኪ» ከተባለ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ትቶታል። «ስቴት» ከተባለ (ክፍለ ግዛት ማለቱ አይደለም) ክሱ ተቀምጧል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ አንደኛው ወገን ከጠየቀ ይነሣል። ሁለቱም ጥፋተኛ ተብሏል ማለት አይደሉም። የፌዴራል ፍርድ ቤት መዝገብ ያለው ፔሰር በሚባለው የፍርድ ቤቶቹ ድረ ገጽ ላይ ነው፤ ገጹ 10 ሳንቲም ያስከፍላል፤ በሦስት ወር ከ30 ዶላር ካላለፈ ግን አይጠየቅም።

ለምትሰጋዋ ሴት ዋናው መሣሪያ ቫይን የሚባለው፣ ታሳሪው ሲለቀቅ የሚያሳውቀው ሥርዓት ነው። በ1994 ኬንታኪ ውስጥ ሉዊቪል ላይ የተጀመረው፣ አንዲት ወጣት የቀድሞ ጓደኛዋ በዋስ መውጣቱን ሳይነግሯት በእሱ እጅ ከተገደለች በኋላ ነው። ምዝገባው ነጻ ነው፤ መመዝገቧንም ታሳሪው አያውቅም። በስልክ ለሚመጣው ጥሪ አራት አኃዝ ያለው ፒን ትመርጣለች። ሰውየው ሲለቀቅ ስልኩ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትም ሊሆን ይጮኻል፤ ፒኑ እስኪገባ ድረስም ደጋግሞ ይደውላል። ፒኑን የረሳች ሴት ጥሪው የማጭበርበሪያ ይመስላትና ቁጥሩን ትዘጋዋለች፤ ይህ እንዳይሆን ፒኑን ከቤት ቁልፏ ጋር ታስቀምጠው። በስልክ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ መልእክትም በኢሜይልም ትመዝገብ፤ ስልክ ቁጥር ስትቀይርም ታድሰው። ሰውየው ከካውንቲ ጄል ወደ ስቴት ፕሪዝን ሲዛወር ምዝገባው አብሮት መሄዱን ታረጋግጥ። ወደ ፌዴራል ከተዛወረ ቫይን አይከተለውም። የፌዴራል ተጎጂዎች ማሳወቂያ ሌላ ሥርዓት ነው፤ ምዝገባውን የምትጠይቀው ጉዳዩን ከያዘው የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ነው። ማሳወቂያው ሊዘገይም ስለሚችል የፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዟ ጊዜው እንዳያልፍባት ቀኑን ትቁጠር፤ ደኅንነቷ በአንድ የስልክ ጥሪ ላይ ብቻ አይመሥረት።

ገንዘብ ከፍላችሁ አትፈልጉ። በአንድ ዶላር ሙከራ ጀምረው በየወሩ ከካርድ የሚቆርጡ ድረ ገጾች የሚሸጡት ከላይ የዘረዘርነውን ያንኑ መዝገብ ነው፤ ብዙ ጊዜ አሮጌውን፣ የተሰረዘ ክስ ጭምር። መንግሥታዊ የሆኑትን ከአድራሻቸው መለየት ይቻላል፤ አብዛኞቹ በነጥብ ጎቭ ያልቃሉ።

ቤት ለሚያከራዩና ሠራተኛ ለሚቀጥሩ ወገኖችም አንድ ነገር እንበል። በስልክ ላይ ያገኙት ስም የታሪክ ማጣሪያ አይደለም። ኩባንያ ቀጥሮ ማጣራት ከተፈለገ ፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ አክት የሚባለው የፌዴራል ሕግ አለ፤ ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው የተቀጣሪውን የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ፣ በሪፖርቱ ምክንያት ከመከልከሉ በፊትም ቅጂውን መስጠት አለበት። ሪፖርት የሚሸጠው ኩባንያ በአብዛኛው ከሰባት ዓመት በላይ ያለፈውን፣ ፍርድ ያልተከተለውን እስራት ማውጣት አይችልም፤ ፍርድ ግን የጊዜ ገደብ የለውም። ስህተት ያገኘ ሰው ለኩባንያው በጽሑፍ ሲያመለክት በ30 ቀን ውስጥ እንደገና ማጣራት ግዴታው ነው። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ቅጂ አብሮ መላክ ነገሩን ያፋጥነዋል።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለን ጥያቄ አጭር ነው። የታሰረ ሰው ዜና ስታወጡ ጉዳዩ በየትኛው ፍርድ ቤት፣ በምን የክስ ቁጥር እንደተያዘ አብራችሁ አትሙልን። አንባቢው ከስድስት ወር በኋላ ውጤቱን ራሱ ማየት የሚችለው በዚያ ቁጥር ብቻ ነው። ክሱ ተትቶ ከሆነም ስሙን ባወጣችሁበት ገጽ ላይ፣ በዚያው መጠን፣ መተዉን አውጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት የሚሠሩ አንባቢዎች
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ