ሌሊቱንም ቁጠሩልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አካባቢ ምርጫ ስትጽፉ ሁሌም አነባለሁ። ስለ ዕጩዎቹ ትጽፋላችሁ፣ ስለ ክርክሩ ትጽፋላችሁ፣ ውጤት ሲዘገይም ትጽፋላችሁ። በምርጫ ጣቢያው ጠረጴዛ ጋ ተቀምጦ መዝገብ የሚያገላብጠው የምርጫ አስፈጻሚ ግን ስሙ የሚነሳው ስህተት ሲገኝበት ብቻ ነው። እኔ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀምጫለሁ፤ ያየሁትን ልጻፍ።

የምርጫ አስፈጻሚ ቀን የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው። ሣጥኑን ከፍተህ ባዶ መሆኑን ለታዛቢዎች ታሳያለህ፣ ታሽጋለህ፣ የማሸጊያውን ቁጥር ትመዘግባለህ። ከዚያ ሰልፉ ይጀምራል። ስምዎት ማን ነው? መታወቂያ? እዚህ ጋ ይፈርሙ፣ ጣትዎን ያምጡ። እስኪመሽ እንዲህ ነው። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ የሚተካህ ሰው መለመን አለብህ። ማታ በሩ ሲዘጋ ሰው ሁሉ "በቃ፣ አለቀ" ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለእኛ ዋናው ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው።

በሁለተኛው ጊዜ አንድ ወረቀት ጎደለን። መዝገቡ ላይ የፈረሙት ሰዎችና ከሣጥኑ የወጡት ወረቀቶች በአንድ ተለያዩ። እንደገና ቆጠርን። አሁንም አንድ። ታዛቢዎቹ መቁነጥነጥ ጀመሩ፣ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ሊደውል ተነሳ። አብረውን የነበሩ ጡረተኛ መምህርት "ቁጭ በሉ፣ እኔ አንድ በአንድ ልያቸው" አሉና መነጽራቸውን ጠርገው ወረቀቶቹን እየዘረጉ፣ በጣታቸው እየዳበሱ ማገላበጥ ጀመሩ። ስንት ሰዓት እንደፈጀባቸው አላስታውስም። በመጨረሻ አገኙት፤ አንዱ የታጠፈ ወረቀት ሌላው እጥፋት ውስጥ ገብቶ ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥረናቸው ነበር። የውጤቱን ቅጽ ፈርመን ስንወጣ ሌሊቱ 8 ሰዓት አልፏል። ወደ ቤት የሚያደርሰን መኪና አልነበረም። መምህርቷን ተከትለን በእግር ሸኘናቸው።

ክፍያው የአንድ ቀን ውሎ አበል ነበር። ውሎ ማለት ደግሞ እስከ ማታ ድረስ ነው። ሌሊቱ የለበትም። የሥልጠናው ሁለት ቀንም የለበትም። እሱንም ቢሆን የተቀበልነው ከወራት በኋላ ነው፤ "ነገ ኑ፣ ፈራሚው የለም" እየተባልን ስንመላለስ ለትራንስፖርት ያወጣነው ቀላል አልነበረም። በሚቀጥለው ምርጫ መምህርቷ ሲጠሩ አልመጡም። በእሳቸው ቦታ የተተካው ልጅ ሥልጠናውን ግማሽ ቀን ብቻ ነው የተከታተለው። ልጁ ጥፋት የለበትም። የተጠራው ድምፅ መስጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ክፍያ ሲያንስ የሚቀረው የማይችል ሰው አይደለም፤ ሌላ አማራጭ ያለው ጎበዝ ሰው ነው። የቀን ሥራውን ጥሎ መምጣት የማይችል ድሃም ይቀራል። ታዲያ ማን ይመጣል? መሥሪያ ቤቱ ያዘዘው ይመጣል። ወይም ከዕጩዎቹ አንዱ እንዲያሸንፍ የሚፈልግ ይመጣል፣ ለእሱ አበሉ ቢቀርም ግድ የለውም። ሁሉም እንዲህ ነው አልልም፣ በጣም ቅን ሰዎች አይቻለሁ። ግን ገለልተኛ ሰው እንፈልጋለን እያልን ገለልተኛው ሰው ከኪሱ እያወጣ እንዲሠራ መጠበቅ ልክ አይደለም።

በአካባቢ ምርጫ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በአገር አቀፍ ምርጫ ጊዜ ካሜራ አለ፣ ታዛቢ አለ፣ በጀት አለ። የአካባቢ ሲሆን ሁሉም ነገር ይቀንሳል፣ ሥራው ግን አይቀንስም። ልዩነቱ በጥቂት ድምፅ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ያቺ የታጠፈች አንድ ወረቀት እዚህ ዋጋ አላት። ደግሞ መራጩ ጎረቤትህ ነው። መታወቂያ አምጣ ስትለው "እኔን አታውቀኝም?" ይልሃል። ታውቀዋለህ። ልጆቹን ታውቃለህ። ግን ስሙ መዝገቡ ላይ የለም፤ አይቻልም ብለህ መመለስ አለብህ፣ በማግስቱም መንገድ ላይ ታገኘዋለህ። ይህን የሚሸከም ሰው የምትፈልግ ከሆነ በስልክ ተደዋውለህ "ነገ ሥልጠና አለ፣ አንድ ሁለት ሰው ይዘህ ና" በማለት አታገኘውም። እንደዚያ ሲሆን ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጡት በሙሉ የአንድ ሰው ጓደኞች ይሆናሉ። አይቼዋለሁ።

"ይሄ እኮ የዜግነት ግዴታ ነው፣ ስለ ገንዘብ አይወራም" የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ይገባኛል፣ እኔም ወድጄው ነው የሠራሁት። ግን የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ያተመው ድርጅት ይከፈለዋል። ሣጥኑን የጫነው ሹፌር ይከፈለዋል። ለእነሱ ግዴታ ነው ተብሎ ሒሳባቸው አይቀነስም። ወረቀቱን የሚቆጥረው ሰው ጋ ሲደረስ ለምን?

ድካሙ የሚያስከትለውን ኢንዶኔዥያ አሳይታናለች። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ፕሬዚዳንቱንና የየደረጃው ምክር ቤት አባላትን በአንድ ቀን አስመረጡ። ለብዙው መራጭ አምስት ዓይነት ወረቀት ማለት ነው፣ ሁሉም በእጅ የሚቆጠር። የአገሪቱ ምርጫ ኮሚሽን እንዳስታወቀው 894 የምርጫ ሠራተኞች ሞቱ፣ ከ5 ሺህ በላይ ታመሙ። ብዙዎቹ ቀድሞም የልብና መሰል ሕመም የነበረባቸው ናቸው፤ በዚያ ላይ እንቅልፍ አልባው ሥራ ተጨመረ። በ2024 የምርጫ ጣቢያ ሠራተኞችን ዕድሜ በ55 ገደቡ፣ የጤና ምርመራ አስገቡ፣ ክፍያውን ከእጥፍ በላይ አሳደጉት። ሞቱ ጨርሶ አልቀረም፣ ግን በጣም ቀነሰ።

ሌሎችም የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ስፔን ከመራጮች መዝገብ በዕጣ ታወጣለች፤ ዕጣ የወጣበት ያለ በቂ ምክንያት መቅረት አይችልም፣ ግን ይከፈለዋል፣ በማግስቱም ከሥራው አምስት ሰዓት ያርፋል። ብራዚል ለሠራህበት ለእያንዳንዱ ቀን ከመደበኛ ሥራህ ሁለት ቀን ዕረፍት ትሰጣለች፣ ደመወዝህ ሳይነካ። አሜሪካ በብዙ ግዛቶች 16 እና 17 ዓመት የሞላቸው ተማሪዎችን ታሠራለች፤ እዚያ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጡት አብዛኞቹ አረጋውያን ስለነበሩ በ2020 ኮሮና ሲመጣ ብዙ ቦታ ሰው ጠፍቶ ነበር። የዕጣው ነገር እኔን ይማርከኛል፤ ማንም የማንም ጓደኛ ስለሆነ አይመረጥማ። ግን ዕጣ ብቻውን ሰውን ያስገድዳል እንጂ አያስተምረውም። ሥልጠናና ክፍያ ካልተከተለው በደንብ የተገደደ፣ በደንብ ያልሠለጠነ ሰው ነው የምታገኘው።

እኔ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ሥልጠናው እንደ ሥራ ቀን ይታሰብ። የቆጠራው ሌሊት ለብቻው ይከፈል፣ ወይም ከተቻለ ቆጠራውን የሚረከብ ሌላ ቡድን ማታ ይግባ፤ 14 ሰዓት የሠራ ዓይን ቁጥር ያሳስታል። ሌሊት የሚያደርስ መኪና ይኑር፣ በተለይ ለሴቶች። ተጠባባቂ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ስልኩን ሲጠብቅ የዋለም ይታሰብለት፣ ያለዚያ በሚቀጥለው ጊዜ ስልኩን አያነሳም። ምልመላው ከወራት በፊት በግልጽ ማስታወቂያ ይውጣ፣ የተመረጡት ሰዎች ስምም ይለጠፍ፣ የፓርቲ አባል ካለ ሰው አይቶ እንዲናገር።

እናንተም አንድ ነገር ልታደርጉልን ትችላላችሁ። የሚቀጥለው ምርጫ መግለጫ ላይ ጋዜጠኛችሁ ስለ በጀቱ ሲጠይቅ ይቺን ይጨምርበት፦ ለአንድ አስፈጻሚ ስንት ይከፈላል፣ ለስንት ሰዓት፣ በየትኛው ቀን? መልሱንም እንደተባለ አትሙት። ማስታወቂያው ላይ እነዚህ ሦስቱ ተጽፈው ካየሁ መጀመሪያ የምመዘገበው እኔ ነኝ፣ መምህርቷንም ቤታቸው ድረስ ሄጄ እጠራቸዋለሁ።

አክባሪያችሁ
አንድ የቀድሞ ምርጫ አስፈጻሚ